ዊንዶውስ ላይ ምን ይጥፋ፣ ምን ይቆይ? ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዊንዶውስ 11 የተጫነበት፣ 4 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕና አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አሉኝ። ኢንተርኔት የማገኘው ከስልኬ ነው። ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቼ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ለሥራ አይዘጋጅም። የገዛሁት የዳታ ጥቅልም ምንም ሳልሠራበት ያልቃል። አንድ የማውቀው ልጅ አብሮት የመጣውን አላስፈላጊ ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ፕሮግራም በፍላሽ ሰጥቶኛል። ዝማኔውንም ጸረ ቫይረሱንም ያጠፋል ብሎኛል። ልጠቀምበት? ደግሞስ ዊንዶውስ የስክሪኔን ፎቶ እያነሣ ያስቀምጣል የሚባለው እውነት ነው?»

ምላሽ፦

አብሽሩ እህቴ፤ ላፕቶፑ አልሞተም። ያንን ፕሮግራም ግን አያስነሡት። ለምን እንደምል፣ በሰው ከማሳብብ በራሴ የደረሰውን ልንገርዎት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቻችን አዘገሙ ብሎ ጠራኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ቸኮልኩ። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን እንደ እርስዎው ያለ «ሁሉን አጥፊ» ፕሮግራም በየማሽኑ አስነሣሁት። እውነትም ፈጠኑ። ተመስግኜ፣ ቡና ተጋብዤ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ከማሽኖቹ አንዱም አያትምም። የፕሮግራሙ ጸሐፊ የኅትመት ወረፋ የሚያስተናግደውን አገልግሎት፣ ፕሪንት ስፑለር የሚባለውን፣ ከአላስፈላጊዎቹ ጋር ደምሮት ኖሯል። ሰውየው ግን ዝም ብሎ አልቀላቀለውም። በ2021 እ.ኤ.አ. በዚህ አገልግሎት ላይ «ፕሪንት ናይትሜር» የተባለ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶ ስለነበር፣ ማተሚያ የማይጠቀሙ ማሽኖች አገልግሎቱን እንዲያጠፉት ይመከር ነበር። እርሱ የማያትም ሰው ነው፤ የጻፈውም ለራሱ ነው። የእርስዎ እንጀራ ደግሞ ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ሁሉ የሆነ ሰው ዝርዝር ነው፤ «አላስፈላጊ» የሚለውም ለዚያ ሰው ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሦስት የሚቀላቀሉ ነገሮችን እንለይ፤ መደበቅ፣ ማቆምና መንቀል። ከታች ባለው ረድፍ ላይ የአየር ጠባይና ወሬ የሚያሳየውን ዊጄትስ ምልክቱን ሲያጠፉ ደበቁት እንጂ ከማሽኑ አላስወጡትም። አንድ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዳይነሣ ሲያደርጉ አቆሙት፤ ሲፈልጉት ግን ተጭነው ይከፍቱታል። ሲነቅሉት ግን ከዲስኩ ወጣ፤ መልሶ ለመጫን ኢንተርኔት፣ አንዳንዴም ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይጠይቃል። ለአብዛኛው ነገር ማቆም ይበቃል። የፍላሹ ዓይነት ፕሮግራም የሚሠራው በመንቀልና የውስጥ መዝገብ በመለወጥ ስለሆነ፣ ምን ምን እንደነካ ተከታትሎ መመለስ ለባለሙያም ያታክታል።

አሁን ዳታው ወዴት እንደሚሄድ እንይ፤ ሳያዩ አያጥፉ። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ የሚል አለ። ባለፉት 30 ቀናት የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ያገኙታል። ሳላየው መናገር ይሆንብኛል እንጂ፣ እንደ እርስዎ ባሉ ቤቶች ከላይ የማገኘው ብዙ ጊዜ «ሲስተም» የሚል መስመር፣ ፋይል ወደ ኢንተርኔት እየላከ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍቱ ዋን ድራይቭ ወይም ብራውዘሩ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ምንም አያጠፋም፣ ምንም አይነቅልም። ላፕቶፑ ከስልክዎ ጋር በዋይፋይ እንደተገናኘ የዚያን ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ከፍተው ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩት። ይህ ለዊንዶውስ «እዚህ ቤት ኢንተርኔት በቆጠራ ነው የሚገዛው» ብሎ መንገር ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ዝማኔ በራሱ አያወርድም፤ ዋን ድራይቭም ፋይል መጫኑን ያቆማል። ስልኩን በኬብል የሚያገናኙት ከሆነ ይህንኑ በኤተርኔት ስር ያደርጉታል። የሚረሳው ነገር ቢኖር መቼቱ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ለየብቻ መሆኑ ነው። ስልክ ሲቀይሩ ወይም በልጅዎ ስልክ ሲያገናኙ እንደገና ማብራት አለብዎት።

ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው ያጥፉት ይላል። ሥራው የዝማኔ ቁርጥራጮችን ከሌሎች ኮምፒውተሮች መቀበልና ለሌሎችም ማቀበል ነው። በኢንተርኔት ላሉ ለማያውቋቸው ማሽኖች በእርስዎ ዳታ ያቀብል ማለት በእርግጥ አያዋጣም። ግን ሁለቱ ኮምፒውተሮችዎ አንድ ዓይነት ዊንዶውስ ከሆኑ፣ «በአካባቢዬ ኔትወርክ ያሉ ብቻ» የሚለውን ቢመርጡ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእርሱ ሊወስድ ይችላል። ፍላሹ ይህንንም ጠራርጎ ያጠፋ ነበር።

ዋን ድራይቭ ላይ ቆም ልበል፤ እንባ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ወደ ዊንዶውስ 11 ሲገቡ፣ ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስና ፒክቸርስ የተባሉት ማኅደሮች ብዙ ጊዜ ሳያስተውሉት ወደ ዋን ድራይቭ ይዛወራሉ። እርስዎ የደንበኛ የትምህርት ማስረጃ ስካን አድርገው ዴስክቶፕ ላይ ባስቀመጡ ቁጥር ያ ፋይል በዳታዎ ወደ ሰማይ ይወጣል። በነጻ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ 5 ጊጋ ባይት ብቻ ነው። ለፎቶ ኮፒ ቤት ይህ ምን አላት! ሲሞላ «ቦታ ግዙ» የሚል ማስታወቂያ ይከተላል። ወሎ ተወልደን እንግዳ አይመለስም ተብለን ነው ያደግነው፤ ሳይጠራ መጥቶ ጓዳ ገብቶ፣ ኪራይ ክፈሉኝ የሚል እንግዳ ግን እኔም አልለመድኩም።

ይሁን እንጂ በንዴት ተነሥተው አይንቀሉት። ፋይሎችዎ አጠገብ ያለውን ምልክት ይመልከቱ። ሰማያዊ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ስሙ እንጂ አካሉ ላፕቶፑ ላይ የለም። ያንን ሳያወርዱ ዋን ድራይቭን ቢነቅሉ ጠፋ ብለው መደንገጥዎ አይቀርም። ስለዚህ ባለ ሰፊ ዋይፋይ ቦታ ይሂዱ፤ የዋን ድራይቭን ማኅደር በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ የሚለውን ይምረጡና ሁሉም አረንጓዴ እስኪሆን ይጠብቁ። ከዚያ ሰዓቱ አጠገብ ካለው የደመና ምልክት ወደ መቼቱ ገብተው፣ ማኔጅ ባክአፕ ውስጥ ሦስቱን ማኅደሮች አንድ በአንድ ያቁሙ። ይህን ሲያደርጉ ዴስክቶፕዎ ድንገት ባዶ ሊሆን ይችላል። አይደንግጡ! ፋይሎቹ በዋን ድራይቭ ማኅደር ውስጥ ባለው ሌላ «ዴስክቶፕ» ውስጥ ናቸው። ይቅዱ እንጂ አይሰርዙ፤ ዋን ድራይቭ ገና ተያይዞ ሳለ ከማኅደሩ የሰረዙት ከኢንተርኔቱም ይሰረዛል። ሁሉም በእጅዎ መግባቱን ካረጋገጡ በኋላ አንሊንክ ዚስ ፒሲ ብለው ይለያዩ። ከዚያ ወዲያ ቢነቅሉትም ጉዳት የለውም። የፋይሎችዎን ሌላ ቅጂ ግን በውጭ ሃርድ ዲስክ ይያዙ፤ መጠባበቂያን አጥፍቶ ሌላ አለመተካት ጣራ አፍርሶ ክረምትን መጠበቅ ነው።

ወደ መዘግየቱ እንምጣ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ስታርትአፕ አፕስ የሚለው ገጽ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን ያሳያል፤ በጎን በኩል የእያንዳንዱ ጫና ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ተብሎ ተጽፏል። የስብሰባ ፕሮግራሙ ቲምስ፣ የሙዚቃና የጨዋታ ፕሮግራሞች፣ የላፕቶፑ አምራች የጫናቸው «ረዳቶች» ካሉ ዲስኤብል ያድርጓቸው። ኤጅ የተባለው ብራውዘር ዘግተውትም ከጀርባ የመቆየት ልማድ አለው። በራሱ መቼት፣ ሲስተም ኤንድ ፐርፎርማንስ ውስጥ፣ ስታርትአፕ ቡስትና ከተዘጋ በኋላ ይቀጥል የሚሉትን ሁለቱን ያጥፉ። አማርኛ የሚጽፉበትን ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝም ይሁን ሌላ፣ ከዚህ ዝርዝር አይንኩት፤ የድምፅና የመዳሰሻ ሰሌዳውንም እንዲሁ። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አቁመው ሪስታርት ያድርጉና ይመልከቱ።

ሪስታርት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ፋስት ስታርትአፕ የተባለው ነገር በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ማለት ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይደለም። የሥርዓቱን እምብርት ዲስክ ላይ አስተኝቶ በማግስቱ እንደተኛ ያነሣዋል። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ የዘጉት ላፕቶፕ በእውነቱ አንድም ቀን ከሥሩ አልተዘጋም። በሳምንት አንድ ቀን ሪስታርት ማለት ብቻውን ብዙ ያቃልላል።

እዚህ ላይ እንደ ፍላሹ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ሌላ ጥፋት አለ። የዲስክ ቦታ ለማትረፍ ሲሉ ሃይበርኔሽን የተባለውን ጨርሰው ያጠፋሉ። መብራት ሲሄድ፣ ቀጥሎም ባትሪው ሲያልቅ፣ ላፕቶፕዎ ያልተቀመጠ ሥራዎን ዲስክ ላይ ገልብጦ የሚተኛው በዚሁ ነው። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ 80ኛው ገጽ ላይ ደርሰው መብራት ቢጠፋ፣ የተረፈው ጥቂት ጊጋ ባይት ምን ይጠቅምዎታል? መብራት የማይጠፋበት አገር ያለ ሰው አይመስለውም። እኛ ግን እንወቅ።

ጸረ ቫይረሱና ዝማኔው ላይ አልደራደርም። የእርስዎ ሱቅ በቀን ስንት ፍላሽ ይገባበታል? ከሰኞ ገበያ የመጣው፣ ከሆጤ የመጣው፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ሁሉ እዚያ አንድ ወደብ ላይ ይሰካል። ማኅደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ በዓይንዎ ሳያዩት አልቀሩም። ዊንዶውስ ዲፌንደር ያንን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። አንድ ፕሮግራም ዲፌንደር በሌላ እንዳይጠፋ የሚከላከለውን ቁልፍ፣ «መጀመሪያ ታምፐር ፕሮቴክሽንን አጥፉልኝ» ካለዎት፣ ዘበኛውን አስረህ አስገባኝ ማለቱ ነውና ፕሮግራሙን ይጣሉት። ሊያጠፉት የሚገባ አንድ አብሮ የተሠራ ነገር ደግሞ እዚሁ አለ፤ አውቶፕሌይ። ፍላሽ ሲሰካ ወዲያው የሚጠይቀውንና የሚከፍተውን ያቁሙት። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥም የፋይል ዓይነት መጨረሻውን እንዲያሳይ ያድርጉ። ዊንዶውስ ሲመጣ ይህን ደብቆ ስለሆነ፣ ፎቶ መስሎ የሚመጣ ፕሮግራም ብዙ ሰው ያታልላል።

ስለ ዝማኔ አንድ ነገር ላስታውስዎት። ግንቦት 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን ዝማኔ ያወጣው መጋቢት 14 ቀን ነበር፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ። በዝማኔ ላይ የነበሩ ማሽኖች ቀዳዳው ቀድሞ ተደፍኖላቸው ነበር። ስለዚህ አያጥፉት፤ ቀጠሮ ይስጡት። ወርኃዊው የደኅንነት ዝማኔ የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዘው ሰፊ ዋይፋይ ወዳለበት ይሂዱና በእጅዎ አስነሥተው ያውርዱት። በሌላው ጊዜ ፖዝ ብለው እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። አሮጌው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 ከሆነ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ለማተሚያነት ያቆዩት፤ ለኢንተርኔትና ለባንክ ሥራ ግን አልመርጠውም።

ዋናክራይ የተዛመተበት መንገድ ለእርስዎ ሱቅ ሌላም ትርጉም አለው። ቫይረሱ የተጠቀመው ኤስኤምቢ 1 የተባለውን በጣም ያረጀ የፋይል መጋሪያ ዘዴ ነው። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ ቅጂዎች ይህን አጥፍተው ይመጣሉ። ነገር ግን አንዳንድ አሮጌ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች ስካን ያደረጉትን በኔትወርክ ወደ ኮምፒውተር ለመላክ ከዚህ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ጠጋኙ ባለሙያ መጥቶ «አሁን ይሠራል» ብሎ ሲሄድ እርሱን አብርቶት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ስታርት ላይ ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ ብለው ይፈልጉና ከዝርዝሩ ውስጥ ኤስኤምቢ 1.0 ምልክት ካለበት ያንሡት። ስካኑ እምቢ ካለ ከማሽኑ በፍላሽ ይቅዱ። ትንሽ ያደክማል፤ ግን ከሁሉም አብሮ ከተሠራ ነገር በእርግጠኝነት ይጥፋ የምለው ይህ ነው፤ የፍላሹ ፕሮግራም ደግሞ ይነካው አይነካው እንጃ።

በዚያው አካባቢ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚል ሌላ ዝርዝር አለ፤ ለማጽዳት ያጓጓል። ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን እዚያ ካገኙት አይንቀሉት። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፊደል ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ከነቀሉት ደንበኛ በኒያላ ጽፎ ያመጣው ደብዳቤ በሌላ ፊደል ይከፈታል፤ መስመሩም ገጹም ይዛነፋል። እንዲያውም ከሌለዎት ይጫኑት።

ስለ ስክሪን ፎቶ የሰሙት ሪኮል ይባላል። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቀው ከደኅንነት ባለሙያዎች ብርቱ ትችት ደርሶበት፣ ከዘገየ በኋላ ተጠቃሚው ፈቅዶ የሚያበራው ሆኖ መጣ። የሚሠራውም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተለየ ቺፕና ቢያንስ 16 ጊጋ ባይት ራም ባላቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። ባለ 4 ጊጋው ላፕቶፕዎ ቢለምኑትም አይችለውም። ከፈለጉ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብተው አማራጭ የሆነውን የመረጃ መላኪያና የማስታወቂያ መለያውን ያጥፉ። ኮፓይለት የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትም እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ከተጫኑት ዝርዝር መንቀል ይቻላል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ ፍጥነት ግን አይጨምርም።

ለጽሕፈት ሠራተኛዎ ደግሞ አንድ ስጦታ። ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ ሲጫኑ ብቅ የሚለው ስቲኪ ኪይስ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ፈተና ነው። አክሰሰቢሊቲ፣ ኪቦርድ ውስጥ የአቋራጭ መክፈቻውን ብቻ ያጥፉት።

የመጨረሻውን ሐቅ ሳልሸሽግ ልንገርዎት። 4 ጊጋ ባይት ራም ለዊንዶውስ 11 የተፈቀደው ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ዎርድና ብራውዘር ሲጨመሩ አይበቃም። ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ የጠዋቱን ጥበቃ ያሳጥረዋል እንጂ አያስቀረውም። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ሲከፍቱ ዲስክ ስር ኤችዲዲ፣ ማለትም የሚሽከረከረው፣ ወይም ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውና ፈጣኑ፣ ተብሎ ተጽፏል። ኤችዲዲ ከሆነ፣ ገንዘብዎን መጀመሪያ ለኤስኤስዲ ያውሉት፤ ራሙ መጨመር የሚችል ሞዴል ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ 8 ያድርሱት።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ስታርት ላይ ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት ብለው መመለሻ ነጥብ ያስቀምጡ፤ ለሲ ድራይቭ ጠፍቶ ከሆነ መጀመሪያ ያብሩት። ዳታ ዩሴጅ ላይ ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ጽፈው ቢልኩልኝ ቀጣዩን እነግርዎታለሁ። ፍላሹን ውስጡን ሳይከፍቱ ፎርማት ያድርጉትና ለስካን ማመላለሻ ይጠቀሙበት።